ስልክም ደብተር ይሆናል



በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በከተማ ብዙ ልጆች በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ተማሩ። በገጠር ራዲዮ ያለው በራዲዮ ተማረ። ስልክም ራዲዮም ያልነበረው ልጅ ከከብት ጋር ዋለ።

ዛሬ ከቤታችሁ ስማርት ስልክ ካለ ይህን ያዙ። አስተማሪው ትምህርቱን በቴሌግራም የሚልክ ከሆነ፣ ገበያ ስትወጡ፣ ኔትወርክ ባለበት አውርዱት። አንዴ ከወረደ ስልኩ ውስጥ ይቀመጣል። ቤት ስትገቡ ያለ ኔትወርክ ይከፈታል።

ታዲያ ስልኩ የአባት ብቻ አይሁን። ማታ ማታ ለልጆች ተራ ይሰጥ። የሴት ልጅም ተራ አይዘለል። እናንተም አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። አጠገቧ ቁጭ ብላችሁ፣ «እስቲ አንብቢልኝ» በሏት። ስትሳሳት ታውቃላችሁ።