ለአምባዛው ዋሻ ስጡት፤ ካልቻላችሁ አትግዙት

«ዓሣ የገዛሁት ላየው ነው፤ ከተደበቀ ምን ይሠራልኛል?»

ይህችን ንግግር አኳሪየም ያለበት ቤት በገባሁ ቁጥር እሰማታለሁ። ሱቅ ውስጥማ ሻጩ ራሱ ነው የሚላት። እስቲ ዛሬ እንደ አንድ የባዮሎጂ መምህር መልሴን ረዘም አድርጌ ልጻፍ። የድሮ ተማሪዎቼ ታውቁኛላችሁ፣ አጭር መልስ ላይ ጎበዝ አይደለሁም፤ ታገሱኝ።

አምባዛን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጣናም፣ ሐዋሳም፣ ጫሞም አለ። ቅርፊት የለውም ብለን ብዙዎቻችን አንበላውም። አፉ ዙሪያ አራት ጥንድ ጢም አለው። በጨለማና በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ምግቡን የሚያገኘው በነዚህ ጢሞች እየዳሰሰና እየቀመሰ ነው። የሌሊት ሠራተኛ ነው ማለት ነው። ቀን ቀን ጥላ ያለበት ቦታ ፈልጎ ያርፋል። ሱቅ ውስጥ «መስታወት አጣቢ» እየተባለ የሚሸጠው የደቡብ አሜሪካው ፕሌኮም ጠባዩ ያው ነው፤ ቀን ግንድ ሥር ወይም ጉድጓድ ውስጥ፣ ማታ ሥራ።

አሁን አንድ ነገር አስቡ። እነዚህ ዓሣዎች የዓይን ቆብ የላቸውም። እኛ መብራት ሲበዛብን ዓይናችንን እንጨፍናለን፤ አምባዛ መጨፈን አይችልም። ከብርሃን የሚያመልጥበት ብቸኛው መንገድ ጨለማ ቦታ መግባት ነው። እና ዋሻውን ስንነሳው ጌጥ አይደለም የነሳነው፤ እንቅልፉን ነው።

አንድ ሆቴል፣ ስሙን አልጠራም፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ክንድ የሚያህል አምባዛ አስቀምጧል። ሰማያዊ መብራት ሌት ተቀን ይበራል። መስታወቱ ከአራቱም ጎን ባዶ ነው። ውስጡ ያለው አንድ የፕላስቲክ ቤተ መንግሥት ሲሆን በሩ አውራ ጣት አያስገባም። ዓሣው ጭንቅላቱን የማጣሪያው ቱቦ ኋላ ወሽቆ ቆሟል። ልጆች ሲመጡ ደግሞ «እንዲንቀሳቀስላቸው» ተብሎ መስታወቱ ይንኳኳል! ኃላፊውን ባናግረው «ወንድሜ፣ ዓሣ ምን ያውቃል?» አለኝ።

የሚያውቀውንማ እያሳየን ነው እኮ! ሰውነቱ የማይገባበት ቦታ ጭንቅላቱን ብቻ የወሸቀ ፍጡር ከዚህ በላይ ምን ብሎ ይንገረን? መደበቂያ ያጣ ዓሣ ከማሞቂያው ኋላ ገብቶ ቆዳው ይቃጠላል፤ ሲደነግጥ ከመስታወቱ ጋር ይላተማል፤ ምግብ ይተዋል። ከዚያ «ታሞ ሞተ» ይባላል።

«ዋሻ ውድ ነው» የሚል ካለ ደግሞ ይህን ያንብብ።

የፍሳሽ ቱቦ ለቤት ግንባታ ከሚሸጥበት ሱቅ ቁራጭ ይገኛል። ገና ላላደገ ዓሣ 110 ሚሊ ሜትሩ ጥሩ መነሻ ነው፤ ሲያድግ ሰፋ ያለ ይቀየርለታል። ርዝመቱ ከዓሣው ርዝመት ትንሽ ይብለጥ። አምባዛ ረጅም ስለሆነ ጠባብ ቦታ መዞር ስለሚያቅተው ቱቦው በሁለቱም ጫፍ ክፍት ይሁን። እንዲህ ከሆነ ውሃም ይዘዋወርበታል፣ የተረፈ ምግብም ውስጡ አይበሰብስም። የተቆረጠውን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ ቅርፊት የሌለው ቆዳ ቶሎ ይቧጠጣል።

የሸክላ ማሰሮም ይሆናል፤ ግን አዲስ፣ ቅቤም ሳሙናም ያልነካው። አፉ ጠባብ ከሆነ ተውት። ፕሌኮ ሲደነግጥ የክንፎቹን እሾህ ገትሮ ራሱን ይሰነቅራል፤ በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ መውጣት ያቅተዋል።

ድንጋይ ከሆነ መጀመሪያ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ቀስ እያለ እየሟሟ የውሃውን ፒኤች ከፍ ያደርጋል (ኬሚስትሪ ምን ያደርግልናል ስትሉኝ የነበራችሁ፣ ይኸው!)። ድንጋዩን አሸዋ ላይ አትደርድሩ። እነዚህ ዓሣዎች ይቆፍራሉ፤ አሸዋው ሲሸሽ ክምሩ ወይ ዓሣው ላይ ወይ መስታወቱ ላይ ይናዳል። መጀመሪያ ድንጋዩን በደንብ አስተኙ፣ ከዚያ አሸዋውን ዙሪያውን አፍስሱ። ዓሣዎቹ ሁለት ከሆኑ ዋሻው ሦስት ይሁን፤ በአንድ ዋሻ ይጣላሉ።

ከገባ በኋላ ደግሞ በእጅና በመረብ እየጎረጎራችሁ አታስወጡት። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚባለው ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም እዚህም ይሠራል። የአምባዛ የጎን ክንፍ እሾህ እጅ ይወጋል።

ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ብዙ ሰው «ቱቦው ገንዳውን ሞላው፣ ቦታ ጨረሰ» ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል። ወዳጄ፣ ቱቦው እኮ ዓሣህን የሚያህል ነው! ዓሣህን የሚያህል ቱቦ ገንዳውን ከሞላው፣ ዓሣህም ገንዳውን ሞልቶታል ማለት ነው። ዋሻው መለኪያ ነው። ዋሻው ተቀምጦ ዓሣው እንደልቡ የሚዞርበት ቦታ ካልተረፈ፣ ያ ገንዳ ለዚያ ዓሣ አይሆንም። 6 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የተገዛ ፕሌኮ 40 ሊደርስ ይችላል፤ አምባዛ ደግሞ ከ1 ሜትር ያልፋል። ይህን ሳይናገር የሚሸጥ ነጋዴ ገዢውንም ዓሣውንም እያታለለ ነው። ገዢውም «አልነገሩኝም» ብሎ አያመልጥም፤ በግ ስንገዛ የት እንደምናስረው አስበን አይደል የምንገዛው?

«ታዲያ መቼ ላየው ነው?» ላላችሁኝ፦ ማታ። ትልቁን መብራት አጥፉ፣ ደብዛዛ አምፖል ራቅ አድርጋችሁ አብሩ፣ ምግቡን ያኔ ስጡት። መግቢያ እንዳለው የሚያውቅ ዓሣ ለመውጣት አይፈራም። ጢሙን ዘርግቶ አሸዋውን እየዳሰሰ ሲሄድ ታዩታላችሁ። ቱቦ ኋላ ተወሽቆ ከምታዩት ጅራት ይሻላል።

የሆቴል ባለቤት የሆነ፣ ወይም ሆቴል የሚሠራ ወዳጅ ያላችሁ፣ ይህን አሳዩልኝ። የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ አንድ ቁራጭ ቱቦ፣ እና ማታ የሚጠፋ መብራት።