«ብቸኛ ወራሽ» ብለህ ከመጻፍህ በፊት



ሰሞኑን ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ወደ ኢማማችን መጣ። አባቱ መርካቶ ውስጥ የታወቁ ነጋዴ ናቸው። ልጁንም አሊፍ ባ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ እናውቀዋለን፤ ጨዋ ልጅ ነው። የመጣው ውጭ አገር ካለ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ለማስተርስ ሊያመለክት ስለሆነ ነው። ትምህርት ቤቱ ከሚጠይቃቸው ወረቀቶች አንዱ ስለ ጠባዩ የሚመሰክር ደብዳቤ ነው። ጊዜ እንዳይፈጅብን ብሎ ደብዳቤውን ራሱ አርቅቆ፣ ስለ ራሱ የጻፈውንም ጽሑፍ አያይዞ አመጣልን። የቀረው የኢማማችን ፊርማና ማኅተም ብቻ ነበር።

ኢማማችንን የምናግዘው እኛ ተቀብለን አነበብነው። እንግሊዝኛው ያማረ ነው። በሁለቱም ወረቀቶች ላይ ግን «የአባቴ ኩባንያ ብቸኛ ወራሽ እንደመሆኔ» የሚል ነገር ነበረበት። እውነቱን እንናገርና እኛ አልፈነው ነበር። «እንዲህ ካልተባለ አይቀበሉም ይሆናል» ብለን ማኅተሙን ልናወጣ ስንል ኢማማችን «ምን ይላል?» አሉ። ተረጎምንላቸው። ትንሽ ዝም ብለው ልጁን ተመለከቱትና «እህቶችህ ምን ሆኑ? ደህና አይደሉም እንዴ?» ብለው ጠየቁት።

ልጁ ደነገጠ። እህቶቹ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። እናቱም አሉ። ከሁሉም በላይ አባቱ ራሳቸው በሕይወት አሉ፤ የዚያን ቀን ዐስርን የሰገዱት ከፊታችን ባለው ሶፍ ነው። ኢማማችን ወረቀቱን መለሱለትና «ይህቺን ቃል አስተካክለህ ና፣ እፈርምልሃለሁ» አሉት። ልጁም ቅር ብሎት ሄደ።

ይህን የምንጽፈው ልጁን ለማሳጣት አይደለም። እሱም አንብቦ ፈቅዶልናል። የምንጽፈው ይህች ቃል በብዙ ቤት ያለች ስለሆነች ነው። የነጋዴ ልጅ ተምሮ የአባቱን ንግድ ሊያሳድግ መነሳቱ ደስ ያሰኘናል። ነገር ግን የማመልከቻ ወረቀት ላይ «ወራሽ ነኝ» ብሎ ከመጻፉ በፊት ቤቱ ገብቶ «ይህ ንብረት የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት እንላለን።

በቅድሚያ ትምህርቱን አንቃወምም። እኛ ኪታብ ላይ ያደግን፣ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥን ሰዎች ነን። ሆኖም ንግድን ማወቅ ዲናችን የሚያከብረው ነገር እንደሆነ እናውቃለን። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ከመካ ተሰዶ መዲና ሲገባ የአንሷሩ ወንድሙ ሀብቱን እኩል ሊያካፍለው ሲያቀርብለት፣ እሱ ግን ገበያው የት እንደሆነ እንዲያሳዩት ነው የጠየቀው። ኢማም አቡ ሐኒፋ ኩፋ ውስጥ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። የእቃ አያያዝ፣ የሒሳብ መዝገብና የገበያ ጥናት የተማረ ልጅ ለሙስሊሙ ኡማ ጥቅም ነው። ችግሩ ያለው ቃሉ ላይ ነው።

እስኪ ቃሉን እንፈትሸው። በሸሪዓችን ሚራስ የሚጀምረው ባለንብረቱ ሲሞት ነው። አባት በሕይወት እያለ ንብረቱ የአባት ነው፤ «ወራሽ» የሚባል ባለመብትም የለም። አባት ሲያልፍም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የቀብር ወጪው፣ ቀጥሎ ዕዳው፣ ከዚያ ከሲሶ የማይበልጥ ወሲያ ካለ እሱ ይወጣል። የተረፈው ነው በሱረቱ ኒሳእ በተደነገገው መሠረት የሚከፈለው። ክፍፍሉን አላህ (ሱ.ወ) ራሱ ስለደነገገው ለአባትም፣ ለበኩር ልጅም፣ ለሽማግሌም አልተተወም።

የዚህን ልጅ ቤት እንውሰድ። እናት፣ አንድ ወንድ ልጅና ሁለት ሴት ልጆች አሉ እንበል፤ አያቶች በሕይወት የሉም። ንብረቱ 32 ቦታ ቢከፈል እናት ስምንተኛዋን ማለትም 4 ትወስዳለች። የቀረው 28 ለልጆቹ ነው፤ ወንዱ 14፣ እህቶቹ እያንዳንዳቸው 7። «ብቸኛ ወራሽ» የተባለው ልጅ ድርሻው ከግማሽ በታች ነው ማለት ነው!

«እኔ በመንግሥት ሕግ ነው የምሄደው» የሚል ካለም አይጠቅመውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆችን ወንድ ሴት ሳይል እኩል ያወርሳል። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በትዳር ውስጥ የተፈራ ሀብት የባልና ሚስት የጋራ ነው ከሚል ይነሳል። በዚህ ስሌት እናት በመጀመሪያ የራሷን ግማሽ ታወጣለች፤ ቀሪው ለሦስቱ ልጆች እኩል ይከፈላል። የልጁ ድርሻ ከጠቅላላው ስድስተኛ ይሆናል። ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ቢሄድ ወራሾቹ አራት ናቸው፤ ወደ መደበኛው ቢሄድም ብቻውን የሚወስድበት መንገድ የለም።

ከሚራሱም በፊት ሌላ ጥያቄ አለ። ያ ኩባንያ እውን የአባት ብቻ ነው? ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ታሪክ ነው። የመጀመሪያውን ሱቅ ሲከፍቱ እናት የሠርጓን ወርቅ ሸጣ ሰጥታለች። ብድር ነበር? ሽርክና ነበር? ስጦታ ነበር? ማንም አልተናገረውም። ከዚያ ሴቷ ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ ሱቅ ገባች፤ የቫቱን ደረሰኝ፣ የጉምሩኩን ዲክላራሲዮን፣ የደንበኛውን ዱቤ የምትይዘው እሷ ናት። ደመወዝ ግን የላትም፤ «የቤት ልጅ» ናትና። አጎት ከገጠር መጥቶ ሃያ ዓመት መጋዘን ጠብቋል። ይህ ሁሉ ሐቅ ነው። የእናት ወርቅ ብድር ከነበረ ዕዳ ነው፣ ከሚራስ በፊት ይከፈላል። ሽርክና ከነበረም ያ ድርሻ የአባት ሆኖ አያውቅም፤ ስለዚህ አይወረስም።

ወረቀቱ ደግሞ ከቤቱ እውነታ ጋር የማይገጥምበት ጊዜ አለ። በድሮው የ1952 የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ብዙ አባቶች ቁጥር ለማሟላት ብቻ የሚስታቸውን ወይም የአንድ ልጃቸውን ስም መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ አስገቡ። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ የድሮዎቹ ስሞች ግን እንደተጻፉ አሉ። አባት ሲያልፍ ስሙ የተጻፈለት ልጅ «ድርሻዬ ነው» ይላል፤ ሌሎቹ «ለስም ነበር» ይላሉ። እውነቱን የሚያውቁት ሰው ቀብር ውስጥ ናቸው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሟ፣ ሱረቱል በቀራ ላይ ያለችው፣ ስለ ዕዳ መጻፍና ማስመስከር የምትናገር መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን። ሱቃችን ውስጥ ግን የአንድ ካርቶን ዱቤ እንጽፋለን፣ የሚሊዮኑን ሽርክና በቃል እንተወዋለን።

ልጁ ሲመለስ ሁለት መልስ ይዞ መጣ። ሁለቱም መልስ የሚገባቸው ናቸው።

አንደኛው «አባቴ ራሱ ይህ ሁሉ ያንተ ነው ይለኛል» የሚል ነው። አባት በሕይወቱ ለልጁ ስጦታ መስጠት ይችላል። ግን ኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ) የተረኩትን ሐዲስ እናስታውስ። አባታቸው ለእሳቸው ስጦታ ሰጥቶ ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ምስክር ሊያደርግ ሲወስዳቸው፣ ነቢያችን ለሌሎቹ ልጆቹም እንዲሁ ሰጥቶ እንደሆነ ጠየቁት። አልሰጠሁም ሲል በዚያ ነገር ላይ ለመመስከር እምቢ አሉ፤ በልጆቹ መካከልም ፍትሐዊ እንዲሆን አዘዙት። ኢማማችን ማኅተሙን የያዙት በዚህ ምክንያት ነው። የተጠየቁት ምስክርነት ነበርና። እኛ ግን እንደ ተራ ወረቀት አይተነው ነበር፤ አላህ ይማረን።

ሁለተኛው መልስ ጠንከር ያለ ነው። «ኩባንያ በአራት ሰው አይመራም፤ አንድ መሪ ያስፈልገዋል» አለ። እውነት ነው፣ እንስማማለን። ግን መምራትና መውረስ ይለያያሉ። አራቱም ባለድርሻ ሆነው አንዱ ሥራ አስኪያጅ ሊሆን ይችላል፤ ለድካሙ ደመወዝ ይቆረጥለታል፣ ትርፉ በየድርሻው ይከፈላል። «ኩባንያውን እንድመራ ቤተሰቤ መርጦኛል» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «የኔ ነው» ማለት ሌላ ነው። የመጀመሪያው አማና ነው። ሁለተኛው እህቶችን በአንድ መስመር ማጥፋት ነው።

ትምህርት ብቻውን ይህን እንደማይፈታ ዓለም ያየው ምሳሌ አለ። የሕንዱ ሪላያንስ ኩባንያ መሥራች ዲሩባይ አምባኒ በወጣትነቱ የየመኗ ኤደን ውስጥ ተቀጣሪ ነበር። አገሩ ተመልሶ ከሕንድ ታላላቅ ኩባንያዎች አንዱን ገነባ። ልጆቹንም ወደ አሜሪካ ስመ ጥር የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ላከ። ሙኬሽ ስታንፎርድ ገብቶ አባቱን ለማገዝ ሳይጨርስ ተመለሰ፤ አኒል ከዋርተን ተመረቀ። አባት እ.ኤ.አ. በ2002 ኑዛዜ ሳይተው አረፈ። ሁለቱ የተማሩ ወንድማማቾች ዓለም እያያቸው ተጣሉ። በ2005 እናታቸው ኮኪላቤን መሐል ገብታ ኩባንያው ለሁለት ተከፈለ፤ ከዚያም በኋላ በጋዝ ጉዳይ እስከ ሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተካሰሱ። ሙስሊሞች አይደሉም፤ ትምህርቱ ግን ለሁላችንም ነው። ያ ሁሉ ዕውቀት እያለ የጎደለው አንድ ወረቀት ነበር።

ለአባቶቻችን አንድ ቃል አለን። ልጅ «አባባ፣ ነገሩን በጽሑፍ እናድርገው» ሲል ብዙዎቻችሁ «ሞቴን ትቆጥራለህ?» ብላችሁ ትቆጣላችሁ። አክብሮታችን እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ይህ ሞትን መመኘት አይደለም። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ታመው ስለ ንብረታቸው ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ሲያማክሩ ወሲያቸው ከሲሶ እንዳያልፍ ተነገራቸው፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ማማከሩ ዕድሜያቸውን አላሳጠረም። ዛሬ እናንተ አንድ ገጽ ብትጽፉ ነገ ልጆቻችሁ አንዱ በአንዱ ሰርግ ላይ ይገኛሉ። ካልጻፋችሁ ችሎት ላይ ይገናኛሉ። እኛ ለሽምግልና ተጠርተን ሁለቱንም ዓይነት ቤት አይተናል።

ለአመልካቾች ደግሞ ከመላካችሁ በፊት አራት ነገር እንድታደርጉ እንመክራለን።

አንደኛ፣ የንግድ ፈቃዱን፣ መመሥረቻ ጽሑፉንና የቤት ካርታውን ከአባታችሁ ጋር ሆናችሁ እዩ። የማን ስም አለ? ለስም ነው ወይስ የእውነት?

ሁለተኛ፣ የእናታችሁንና የእህቶቻችሁን ድካምና ገንዘብ ጠይቃችሁ ጻፉ። ብድር፣ ሽርክና ወይም ስጦታ መሆኑ በምስክር ፊት ይለይ። የጠነከረ ጥያቄ ካለ በየአካባቢያችሁ ያሉ ዑለማዎችን ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ የትምህርቱ ክፍያ ከየት እንደሚወጣ ይታወቅ። ከሱቁ ካዝና ከሆነ ሌሎች ባለሐቆች አሉበት፤ ይወቁት፣ ይስማሙበት።

አራተኛ፣ ጽሑፉን እንደገና ጻፉት። ትምህርት ቤት ማወቅ የሚፈልገው ምን እንደሠራችሁና ለምን መማር እንደፈለጋችሁ ነው፤ የማን ልጅ መሆናችሁ ብቻውን ሥራ አይደለም። «ከእህቶቼ ጋር የምንሠራበት የቤተሰብ ንግድ አለን፤ ድርሻችን ሳይጻፍ ሠላሳ ዓመት ሄዷል፤ ይህን ሥርዓት ማስያዝ እፈልጋለሁ» የሚል ሰው «ወራሽ ነኝ» ከሚለው ይልቅ ቁም ነገር ያለው ይመስለናል። እውነትም ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ጥያቄ እናንሳ። ለዓመታት መዝገቡን የያዘችው እህት ስለ ማመልከቻ ማን ጠየቃት? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከነቢይነታቸው በፊት የነገዱት በኸዲጃ (ረ.ዐ) ገንዘብ ነበር፤ ባለሀብቷ እሷ ነበረች። በቤታችሁ ለትምህርቱ የሚበቃው ማን እንደሆነ በፆታ ሳይሆን በሥራው ተመልከቱ።

ልጁ ወረቀቱን አስተካክሎ መጣ። «ብቸኛ ወራሽ» የሚለው ወጥቶ «በቤተሰባችን ንግድ ውስጥ ከእህቶቼ ጋር እሠራለሁ» የሚል ገብቷል። ኢማማችንም ፈረሙ፣ እኛም ማኅተሙን መታን። ትምህርት ቤቱ ገና መልስ አልሰጠም። አባትየውም እስካሁን ምንም አልጻፉም፤ «እናያለን» ነው ያሉት። ልጁ እንደነገረን ግን ያቺን መስመር ለታላቅ እህቱ ሲያነብላት መዝገቡን ዘግታ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም «ስሜን በወረቀት ላይ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አለችው። ስሟ እንኳ አልነበረም፤ «እህቶቼ» የሚል ብቻ ነው።

አላህ ሐቅን ከነባለቤቱ የምናውቅ ያድርገን። የአባቶቻችንን ዕድሜ ያርዝም፣ ሀብታቸውንም በልጆቻቸው መካከል የፍቅር ምክንያት ያድርገው። ይህን ያነበበ ለአንድ ነጋዴ አባትና ለአንድ አመልካች ልጅ ያድርስልን።  ወሏሁ አዕለም።