ዳኛ የጠፋበት ሜዳ

በአማርኛ ችሎት ላይ የሚፈርደውም ሜዳ ላይ የሚፈርደውም መጠሪያቸው አንድ ነው፤ ዳኛ። በምኖርበት የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ባለፈው የፀደይ ወቅት የገጠመኝን ሳስበው፣ ቋንቋችን ሁለቱን በአንድ ስም የጠራቸው ያለምክንያት አይመስለኝም።

የአሥር ዓመት ልጄ ቤዝቦል ይጫወታል። አንድ ቅዳሜ ዳኛው “አውት” ብሎ ሲያስወጣው፣ ማን ይሰማኛል በሚል በአማርኛ “ይሄ ዕውር!” ብዬ ጮህኩ። ዳኛው 15 ዓመት እንኳ የሞላው የማይመስል ታዳጊ ነበር። ጨዋታው አልቆ ወደ መኪናዬ ሳመራ አጠገቤ ቆም አለና “ጋሼ፣ እኔም አማርኛ እሰማለሁ” አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም። ከዚያ በኋላም አላየሁትም።

ይህ የእኔ ጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጋዜጣ ባልበቃ ነበር። የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስፖርት ፌዴሬሽን እንደገለጸው፣ እ.ኤ.አ. ከ2018/19 እስከ 2021/22 ባለው ጊዜ ውስጥ በሁሉም የስፖርት ዓይነቶች 50,000 ያህል ዳኞች ሥራውን ትተዋል። ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የተመልካች፣ በተለይም የወላጅ ስድብ ነው። የሕፃናቱ ቤዝቦል ደግሞ ይበልጥ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1939 በፔንሲልቫኒያ የተመሠረተው ሊትል ሊግ የቆመው በበጎ ፈቃደኞች ላይ ነው። በየዓመቱ በሳውዝ ዊሊያምስፖርት የሚካሄደውን የዓለም ውድድሩን የሚዳኙትም ደመወዝ የላቸውም።

“ታዲያ ቴክኖሎጂ አይተካቸውም ወይ?” የሚል አንባቢ አይጠፋም። ትልቁ የፕሮፌሽናል ሊግ ቡድኖች የዳኛን የኳስ ውሳኔ በካሜራ እንዲያስመረምሩ የሚፈቅደው አሠራር ከ2026 የውድድር ዘመን ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል በመስከረም 2025 ተወስኗል። ይህ ግን የባለ ብዙ ሚሊዮን ስታዲየሞች ጉዳይ ነው። የሰፈር ሜዳ ያለው የሰው ዓይን ብቻ ነው።

ያንን ልጅ ካባረርኩ በኋላ ክፍተቱን መሙላት የእኔ ዕዳ ሆነና ለሥልጠና ተመዘገብኩ። ደንቡን ማጥናት እንደፈራሁት አልከበደኝም። የከበደኝ አሠራሩ ነው። ከመፍረድህ በፊት እግርህን አቁም፤ እየሮጠ ያየ በትክክል አላየም። አንደኛው ቤዝ ላይ ዓይንህ የሯጩን እግር ይይ፣ ጆሮህ ኳሱ ጓንት ውስጥ ሲገባ ያዳምጥ። የፊት መከላከያህን በግራ እጅህ አውልቅ፤ ቀኙ ለምልክት ነፃ ይሁን። ይህ ሁሉ በጥቂት ምሽቶች ይለመዳል። ከአጥሩ ጀርባ የሚመጣውን ስድብ እንዴት እንደሚችሉት ግን ማንም አላስተማረንም።

በእኔ እምነት የሥልጠናዎቹ ጉድለት ያለው እዚህ ላይ ነው። ዳኛውን አሠልጥኖ ወላጁን መተው የሚያፈስ እንስራ መሙላት ነው። በኒው ጀርሲ የዴፕትፎርድ ከተማ ሊትል ሊግ በ2023 ይህን የተረዳ ይመስላል። በጎ ፈቃደኛ ዳኞቹ በስድብ ተማርረው ሲለቁበት፣ ዳኛን የሚሳደብ ተመልካች ራሱ ሦስት ጨዋታ ሳይዳኝ ወደ ሜዳው እንዳይመለስ ደነገገ። ቅጣቱ ሲሰሙት ያስቃል፤ ቁም ነገሩ ግን ሥልጠናውን ለሚያስፈልገው ሰው መስጠቱ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ጀማሪ ታዳጊ ሲዳኝ ወላጆችን ሥርዓት የሚያስይዝ አንድ ጎልማሳ አጠገቡ ቢመደብ የተወሰነውን ሸክም ያቃልላል።

በቀድሞው የአገራችን ልማድ የተጣሉ ሁለት ሰዎች ያገኙትን መንገደኛ አስቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር። መንገደኛው ሹመትም ደመወዝም አልነበረውም። ፍርዱን ያጸናው ባለጉዳዮቹ “እንቀበልሃለን” ማለታቸው ነው። የሰፈር ሜዳ ዳኛም ሥልጣኑ ይኸው ነው፤ እኛ የሰጠነውን ያህል ብቻ አለው።

በመጀመሪያ ጨዋታዬ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። ከአጥሩ ጀርባ አንድ አባት ጮኸብኝ። ቃሉ በእንግሊዝኛ ነበር እንጂ እኔው የጮህኩት ነው።