ስንቋን ከምድር በታች የምታኖር አዳኝ ተክል

በቀድሞው የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ በሐምሌ ወር ቆሞ የሚያውቅ ሰው ሐሩር ምን እንደሆነ ሊነገረው አያሻም። እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ አዲስ አበባን ከባሕር ያገናኘው የ784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ በሚያበቃበት በዚያ ስፍራ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። ከሐዲዱ ዳር ያለውን ደረቅ መሬት ያየ፣ ለስላሳ ቅጠል ያላት ተክል እንዲህ ያለውን በጋ አትችልም ይላል። እኛም እንዲሁ እንል ነበር፤ የድሮሴራን ነገር እስክናነብ ድረስ።

ድሮሴራ ስሟን ያገኘችው ከግሪክኛው የጤዛ ቃል ነው። በቅጠሏ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ጫፋቸው ላይ እንደ ጤዛ የሚያበራ ሙጫ ይይዛሉ። ትንኝ ሲያርፍባት ይጣበቃል፤ ፀጉሮቹ ጎንበስ ብለው ይይዙትና ይፈጩታል። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1875 ባሳተመው መጽሐፍ የአውሮፓዋን ዝርያ በሰፊው መርምሯል። ተክሏ ሥጋ የምትሻው ስለ ጭካኔ አይደለም፤ የበቀለችበት አፈር ናይትሮጅን ስለሚያጥረው ነው። ኃይሏንማ እንደ ሌሎቹ ዕፀዋት ከፀሐይ ታገኛለች።

ሥሯ ድንች መሰል የሆነው ወገን በብዛት የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያ፣ በፐርዝ ከተማ አካባቢ፣ በአሸዋማ መሬት ላይ ነው። በዚያ ዝናቡ በክረምት ይወርዳል፤ በጋው ደረቅና የሚያቃጥል ነው። ድሮሴራ ኤሪትሮራይዛ የተባለችው ቀይ ሥር ያላት ዝርያ በክረምት ቅጠሏን መሬት ላይ ዘርግታ ታድናለች። በጋው ሲቃረብ ያገኘችውን ሁሉ ወደ ሥሯ ታወርዳለች፤ ቅጠሏ ይረግፋል፤ ከላይ አንዳች ምልክት አይቀርም። አሮጌው ሥር ቅጠሉን ለማብቀል አልቋልና በምትኩ አዲስ ሥር ይሞላል። ባል ግዳጅ ላይ ሳለ ቀለቡን ከወር እስከ ወር የምታደርስ እመቤት ይህን ብልሃት ከእኛ ይልቅ ታውቀዋለች። የሰደድ እሳት እንኳ ከላይ ቢያልፍ ሥሩን አይነካውም፤ እንዲያውም ይህች ዝርያ ከቃጠሎ በኋላ በሚመጣው ወራት አብዝታ ታብባለች።

ታዲያ ጅቡቲ ላይ ብትተከልስ? ሙቀቱ ብቻውን ባልገደላት ነበር። ነገር ግን ፐርዝ በየክረምቱ የማይቀር ዝናብ አላት፤ በዓመት በአማካይ 700 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። የጅቡቲው በአማካይ 200 እንኳ አይሞላም፣ ቀኑም አይታወቅም። በአንድ ካፊያ ተታልላ ቅጠል ያወጣች ድሮሴራ ሁለተኛውን ዝናብ ስትጠብቅ ስንቋን ትጨርሳለች።