ባንክዎ የሚስጥር ቁጥርዎን አይጠይቅዎትም

ባለፈው ሳምንት ከባንኬ የመጣ የሚመስል ኢሜይል ስልኬ ላይ አገኘሁ። የባንኩ አርማ አለበት፤ «ውድ ደንበኛችን፣ መረጃዎን በ24 ሰዓት ውስጥ ካላደሱ ሂሳብዎ ይታገዳል» ይላል። ሂሳቤ ውስጥ ያለው ጡረታዬና ለልጅ ልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ያጠራቀምኩት ነው። ደንግጬ «አሁኑኑ ያድሱ» የሚለውን ነካሁት።

የተከፈተው ገጽ ቁርጥ የባንኬን ይመስላል። የሂሳብ ቁጥሬንና የሚስጥር ቁጥሬን ሞላሁ። ወዲያው ባለ6 አሃዝ ማረጋገጫ ቁጥር በጽሑፍ መልእክት መጣልኝ፤ ከሥሩ «ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ» ይላል። ገጹ ደግሞ እሱኑ ቁጥር ያስገቡ ይለኛል። እጄ ቆመ።

በኤቲኤም ካርዴ ጀርባ ባለው ቁጥር ወደ ባንኩ ደወልኩ። ኢሜይሉ የእነሱ አልነበረም። ሂሳቤን ወዲያው አገዱልኝ፤ በማግስቱ ቅርንጫፉ ሄጄ የሚስጥር ቁጥሬን ቀየርኩ። ብሬ አልተነካም። ያንን ቁጥር ብሰጥ ኖሮ ግን ሌባው እኔን መስሎ ይገባ ነበር።

በነርስነቴ ዘመን የታካሚውን ስም ከካርዱ ጋር ሳላመሳክር መርፌ ወግቼ አላውቅም። ይህንንም እንደዚያው መመርመር ነበረብኝ። እርስዎ እነዚህን ልብ ይበሉ፦

የላኪው አድራሻ፦ ከላይ የሚታየውን ስም ማንም ሊጽፈው ይችላል። ስሙን ሲነኩት አድራሻው ይወጣል፤ ከ@ በኋላ ያለውን ፊደል በፊደል ያንብቡ። እኔ ጋ በመጣው የባንኩ ስም ላይ አንድ ፊደል ተጨምሮበት ነበር።

ጥድፊያው፦ «ይታገዳል»፣ «ዛሬ ብቻ» የሚሉት ቃላት እንዳያስቡ የሚያደርጉ ናቸው።

ጥያቄው፦ ባንክ የሚስጥር ቁጥርም ሆነ ማረጋገጫ ቁጥር እንዲልኩለት አይጠይቅም፤ በስልክም ቢሆን።

አድራሻው ትክክል ቢመስልም ሊንኩን አይንኩ። ራስዎ የባንኩን መተግበሪያ ይክፈቱ ወይም ቅርንጫፍ ሄደው ይጠይቁ።

«እማዬ ጃጀች» እንዳልባል ፈርቼ ለልጆቼ ሳልናገር ሦስት ቀን ቆየሁ። በመጨረሻ ለሴቷ ልጄ ስነግራት፣ ያው ኢሜይል ለእሷም መጥቶ አጥፍታው እንደነበር አጫወተችኝ። አስቀድማ ብትነግረኝ እኔም ባልደነገጥኩ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ዛሬ ቡና ሲፈላ ወሬውን አንሡት፤ ትልቁም ትንሹም ይስማ።