ያገለገለ ውሻ

በእስፓኝ አገር ጋልጎ የሚባል ቀጭን የአደን ውሻ አለ፤ ሥራውም በሜዳ ጥንቸል አሳዶ መያዝ ነው። የአደኑ ወራት በጥር ማለቂያ ገደማ ሲፈጸም ግን፥ ሩጫው የደከመውን ውሻ ጥለውት የሚሄዱ ጌቶች አሉ። በ2023 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የወጣው የእንስሳት ጥበቃ ሕግ እንኳ የአደን ውሾችን አላካተተም።

ደግ ሰው አግኝቶ ከቤት የገባው ጋልጎ ብዙ ጊዜ ደረጃ መውጣት አያውቅም፤ ሥጋው ስስ ስለ ሆነ ለስላሳ መኝታ ያሻዋል፤ ድመትና ዶሮ ሲያይም የቀድሞ ሥራው ትዝ ይለዋልና በገመድ ሊያዝ ይገባል። ከዚህ በቀር የሚያስቸግረው ነገር ጥቂት ነው፤ የቀኑን እኩሌታ ተኝቶ ያሳልፋል።

አንባቢ ሆይ፥ ጌታ የሚመሰገነው ያደነለትን በመመገቡ አይደለም፤ ማደን የተሳነውን በመጦሩ ነው እንጂ።