ፖስታ ቤቱ ቅርስ አይደለም ያለው ማነው?

ደብረ ወርቅ ከተማ ሄዳችሁ ቅርስ አሳዩን ብትሉ ሁሉም ወደ ደብረ ወርቅ ማርያም ይመራችኋል። የቤተ ክርስቲያኗን ቅርስነት የሚጠራጠር የለም። ክርክሩ የሚነሳው ስልሳ ዓመት ያህል የቆዩ ሕንፃዎች ላይ ስንደርስ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ያለው የአዲስ አበባው ዋና ፖስታ ቤት ቅርስ ነው ብንል ስንቶቻችን እንስማማለን?

የአገራችን የፖስታ አገልግሎት የተመሠረተው በ1886 ዓ.ም.፣ ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ታተሙ። በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። አብዛኛው አፍሪካ በቅኝ ግዛት ሥር በነበረበት ዘመን በራስ ስም ደብዳቤ መላክ ራሱን የቻለ የሉዓላዊነት ማስረጃ ነበር።

የቸርችሉ ሕንፃም የራሱን ዘመን ታሪክ ይናገራል። ንድፉን ለፖስታ፣ ቴሌግራፍና ቴሌፎን ሚኒስቴር ያወጡት የሳራዬቮ አርክቴክቶች ኢቫን ሽትራውስና ዝድራቭኮ ኮቫቼቪች ሲሆኑ፣ ግንባታው የተከናወነው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ኢትዮጵያና ዩጎዝላቪያ በ1953 ዓ.ም. ቤልግሬድ በተካሄደው የገለልተኛ አገሮች ጉባኤ አብረው ተቀምጠዋል። የዚያን ወዳጅነት አሻራ በኮንክሪት ቆሞ የምናየው እዚህ ነው።

«ሞባይልና ኢሜይል ባለበት ዘመን ፖስታ ቤት ምን ይሠራል? ቦታው ውድ ነው» የሚል ይኖራል። ይህ የመሬት ዋጋ ክርክር እንጂ የቅርስ ክርክር አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን የተረጎመው በዕድሜው ሳይሆን በታሪካዊ፣ በባህላዊ፣ በሳይንሳዊና በጥበባዊ ዋጋው ነው። ስለዚህ «ገና አላረጀም» የሚለው መልስ ሕግ ፊት አይቆምም።

በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፍቷል። ከፖስታ ቤቱ ጋር የአንድ ትውልድ ሥራ ነው። አንዱ በክብር ከታደሰ ስለ ሌላው መጠየቅ ነውር አይደለም። የአርክቴክቶቹ ከተማ ሳራዬቮም በ1984 ዓ.ም. በጦርነት የተቃጠለውን ዋና ፖስታ ቤቷን መልሳ ሠርታዋለች። በጦርነት የተጎዳች ከተማ ያላቃለለችውን ነገር እኛ በሰላም ልናቃልለው አይገባም።

ያረጀ ቤት ሁሉ ይቆይ ማለቴ አይደለም። ከተማ ያድጋል፣ መንገድም ይሰፋል። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙዎቻችን ስለ ታሪካቸው ማውራት የጀመርነው አቧራው ከተነሳ በኋላ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በየከተማው የሚጠበቁና የማይጠበቁ ሕንፃዎች ዝርዝር ከነምክንያቱ አስቀድሞ ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ቅር ያለው ዜጋም ማፍረሻው ማሽን ከመድረሱ በፊት አቤት የሚልበት በር ይከፈትለት። ማስረጃ ከጠፋ በኋላ የሚሰጥ ፍርድ ለማንም አይጠቅምም።